የእጅ ሥራ ዕቃ ከውጭ ሲገባ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለተጻፉልን ደብዳቤዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከደሴና ከኮምቦልቻ የተላኩ ናቸው፤ ጉዳያቸውም አንድ ነው። ከውጭ አገር የተገዛ ወይም በስጦታ የተገኘ የእጅ ሥራ ዕቃ ወደ አገር ቤት ሲገባ ጉምሩክ ምን ይጠይቃል? ከወሎ ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሄዱት ልጆች ብዙ በመሆናቸው፣ የጅቡቲውም መንገድ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ስለሚገባ፣ ጥያቄው ከዚያ አካባቢ መብዛቱ አላስገረመንም። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ አሁን ለታናሽ እኅቷ ሠርግ ልትመጣ ነው። በእጅ የተሠሩ ሁለት ምንጣፎች፣ ደላ የሚባሉት የዓረብ የቡና ማንቆርቆሪያዎች፣ የናስ ማጨሻና ዑድ (ለመዓዛው የሚጨስ እንጨት) ይዤ እመጣለሁ ብላለች። ጎረቤቶቼ «የእጅ ሥራ ስለሆነ ቀረጥ የለውም» ይሉኛል። እውነት ነው ወይ? (እናት፣ ከሸዋበር፣ ደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳን ደስ አለዎት። ጎረቤቶችዎ የነገሩዎት ግን ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልስልዎታለን።

በጉምሩክ አሠራር «የእጅ ሥራ» የሚባል ራሱን የቻለ የዕቃ ክፍል የለም። ጉምሩክ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዕቃው በእጅ ይሠራ በማሽን ሳይሆን ከምን እንደተሠራ ነው። የኢትዮጵያ የጉምሩክ ታሪፍ የተመሠረተው ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ላይ ሲሆን፣ በዚያ ሥርዓት መሠረት የልጅዎ ምንጣፍ በምዕራፍ 57 ከምንጣፎች ጋር፣ የናሱ ማጨሻ በምዕራፍ 74 ከመዳብና ከመዳብ ቅይጥ ውጤቶች ጋር ይመደባል፤ ከእንጨት የተቀረጸ ዕቃ ቢኖራት ምዕራፍ 44፣ ከሣር የተሰፋ ሞሰብ ቢሆን ምዕራፍ 46፣ የሸክላ ዕቃ ቢሆን ምዕራፍ 69 ውስጥ ይገባል። የሠሪው እጅ ልዩነት የሚያመጣው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሣለ ሥዕል በምዕራፍ 97 የራሱ ቦታ አለው፤ ምንጣፍም ቢሆን በክር ቋጠሮ የተሠራው፣ በሸማኔ ዕቃ የተሸመነው እና ክሩ በመርፌ ተወግቶ ከጀርባ በሙጫ የተያዘው በየራሳቸው ተራ ይመደባሉ። ልጅዎ ይህን በዓይኗ መለየት ትችላለች። ምንጣፉን ገልብጣ ጀርባውን ትመልከት። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ በፊቱ ያለው አበባና ሐረግ በጀርባውም ጥርት ብሎ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹም አንድ በአንድ ይለያሉ፤ በዳርና በዳር የተንጠለጠለው ዘርፍም የምንጣፉ የራሱ ድር ነው እንጂ በኋላ የተሰፋ አይደለም። ጀርባው በጨርቅ የተሸፈነ፣ ዘርፉም በስፌት የተቀጠለ ከሆነ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ አይደለም፤ በዚያ ዋጋም አትግዛው።

ሁለተኛው የጉምሩክ ጥያቄ ዕቃው ለምን እንደመጣ ነው። መንገደኛ ለራሱና ለቤተሰቡ መገልገያ የሚያመጣው፣ ለንግድ ያልሆነ ዕቃ በመመሪያ በተወሰነው ዓይነትና መጠን ከቀረጥና ታክስ ነፃ ይገባል። መጠኑም እንደ መንገደኛው ሁኔታ ይለያያል፤ ለጥቂት ቀን ወጥቶ የሚመለስ፣ በውጭ አገር ሠርቶ የሚመጣና ጓዙን ጠቅልሎ የሚገባ ሰው እኩል አይስተናገዱም። መመሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ልጅዎ ትኬት ከመቁረጧ በፊት እርስዎ ወይም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወደ ጉምሩክ ኮሚሽን ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ወርዶ የዕቃዎቹን ዝርዝር አሳይቶ ቢጠይቅ ከሁሉ ይሻላል። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቦሌ ላይ ከሚደርስ ክርክር የኮምቦልቻ መንገድ ይቀላል። ሁለት ምንጣፍና ጥቂት የቡና ዕቃ ለሠርግ ቤት የመጣ መሆኑ በመልኩ ይታወቃል። ደላዎቹ ግን አንድ ዓይነት ሆነው፣ በካርቶን ታሽገው፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ከሆነ የጉምሩክ ሠራተኛው ለሽያጭ የመጡ ናቸው ቢል ሊፈረድበት አይገባም። ለሽያጭ ከሆነ ጉዳዩ የመንገደኛ ሻንጣ መሆኑ ቀርቶ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ዲክላራሲዮን (የዕቃው ዝርዝር ለጉምሩክ የሚቀርብበት ሰነድ) የሚጠይቅ መደበኛ አስመጪነት ይሆናል።

ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ክፍያ ቢጠየቅበት ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ከድንጋጤ ያድናል። መነሻው ዕቃው የተገዛበት ዋጋ፣ የማጓጓዣና የመድን ወጪ ተደምሮ ነው። በዚያ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ ይሰላል፤ ኤክሳይዝ ታክስ የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ እርሱ ይታከላል፤ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ይህም ሁሉ ከተደመረ በኋላ 10 በመቶ ሱር ታክስ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) ይመጣል። ለምሳሌ መነሻ ዋጋው 10,000 ብር የሆነ፣ ኤክሳይዝ የማይመለከተው ዕቃ ከፍተኛው የታሪፍ ልክ 35 በመቶ ቢያርፍበት፣ ቀረጡ 3,500 ብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 2,025 ብር፣ ሱር ታክሱ 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በጠቅላላው 7,077 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ታሪፉ ዝቅ ያለ ዕቃ በዚያው ልክ ያንሳል፤ እንደ ዕቃውም ዓይነት ሌላ ክፍያ ሊጨመር ይችላል። ታክሱ በታክስ ላይ እየተደራረበ የሚሄድ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው «35 በመቶ ተብዬ ይህን ያህል እንዴት ተጠየቅሁ» እያለ ያዝናል።

በገበያ ተከራክሮ የተገዛ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ የለውም። ደረሰኝ ከሌለ ጉምሩክ ዋጋውን የሚገምተው ከተመሳሳይ ዕቃ ጋር አነጻጽሮ ነው፤ ግምቱም ከከፈለችው በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጅዎ የሱቁ ስም፣ ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራበት ነገርና የከፈለችው ገንዘብ የተጻፈበት ወረቀት በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ትቀበል። ሻጩ «ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ልጻፍልሽ» ቢላት እሺ እንዳትል አጥብቀው ይንገሯት፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ በሕግ ያስጠይቃል፣ በሕጋዊ መንገድ የመጣውንም ዕቃ አብሮ ያስይዛል።

አሁን ከዕቃዎቹ ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው፣ ማንም ያልጠረጠረው ዑዱ ነው። ዑድ የሚገኘው አኩዊላሪያ ከሚባሉት የእስያ ዛፎች ሲሆን፣ ዛፎቹ ከመጠን በላይ ስለተቆረጡ ንግዳቸው ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ሆኗል። ይህ በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት በ1973 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ በ1975 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ናት። መልካሙ ነገር ለግል መገልገያ የተተወ መጠን መኖሩ ነው፤ አንድ መንገደኛ እስከ 1 ኪሎ ግራም የዑድ እንጨት፣ እስከ 24 ሚሊ ሊትር የዑድ ዘይትና እስከ ሁለት መቁጠሪያ ያለ ላኪው አገር ፈቃድ ወረቀት መያዝ በስምምነቱ ይፈቀድለታል። አገሮች ከዚህ የጠበቀ ደንብ ማውጣት ስለሚችሉ ልጅዎ የሳዑዲውን እዚያው ትጠይቅ። ለሠርጉ ጭስ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ይበቃልና በዚህ አትጨናነቁ።

በመጨረሻም ቦሌ ላይ የሚሰጣት የጉምሩክ ወረቀትና የክፍያ ደረሰኝ ደሴ እስክትገባ ከዕቃው አይለይ። በአውሮፕላን ወደ ኮምቦልቻ ብትቀጥልም፣ በመኪና ብትመጣም፣ በኬላ ላይ የሚጠየቀው ዕቃው በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፣ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። እዚያ ትልልቅ የባሕር ዛጎሎችና ነጭ ኮራል ለቤት ጌጥ ይሸጣል። ወንድሜም ከሐጅ ሲመለስ ዩስር የሚባል፣ ከጥቁር ኮራል የተሠራ ሙሰብሃ (መቁጠሪያ) አምጥቶልኛል። ከዚህ ሌላ አንድ ሰው የዝሆን ጥርስ አምባር ነው ብሎ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። የትኛው ያስጠይቀኛል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመጨረሻው እንጀምር። የዝሆን ጥርሱን አይግዙት፣ በስጦታም አይቀበሉት። የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ በ1989 እ.ኤ.አ. በተላለፈ ውሳኔ የታገደ ነው፤ አገራችንም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በመንግሥት እጅ የተከማቸ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። አገር ያቃጠለችውን ነገር በኬላ አሳልፋለሁ ማለት ለአንድ አምባር ሲሉ እስር ቤትን መምረጥ ነው። ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የተሠራ ማበጠሪያና ጌጥም በዚያው ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ ያለ ስለሆነ በምንም ዋጋ አይያዝም።

እርግጥ ነው፣ በየገበያው የዝሆን ጥርስ እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው የግመል ወይም የከብት አጥንት፣ አለዚያም ፕላስቲክ ነው። ተቆርጦ የተወለወለውን ጫፍ በብርሃን አቅርበው ቢያዩት፣ በእውነተኛው የዝሆን ጥርስ ላይ እንደ መረብ የሚጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ አጥንት ላይ ግን የደም ሥር ያለፈባቸው ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦችና ጭረቶች ይኖራሉ፤ ፕላስቲክ ደግሞ ምንም የለውም። ይህን የምንነግርዎ ዕቃውን ለይተው እንዲገዙ አይደለም። የአጥንት አምባር ገዝቶ «የዝሆን ጥርስ ነው» እያለ የሚኮራ ሰው በገዛ አፉ ፍተሻ ላይ ችግር እንደሚጠራ እንዲያውቁት ነው። አጥንት ከሆነ ደረሰኙ ላይ «የግመል አጥንት» ተብሎ ይጻፍ።

ወደ ባሕሩ ዕቃ ስንመጣ፣ ነጭ ሆኖ እንደ ቅርንጫፍ የሚታየው ድንጋያማ ኮራልም፣ ዩስር የሚሠራበት ጥቁር ኮራልም በሳይተስ ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ያሉ ናቸው። ይህ ማለት ጨርሶ የተከለከሉ ሳይሆኑ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ነው። ለራስ መጠቀሚያ በሻንጣ የተያዘን ዕቃ ስምምነቱ በጠቅላላው በለዘበ ዓይን ቢያየውም፣ ዕቃው የወጣበት አገር ፈቃድ ይኑር ካለ ግን ያለ ፈቃድ አይታለፍም። የወንድምዎ ሙሰብሃ አንድ ከሆነና የተገዛበት ወረቀት ካለ በጥንቃቄ ያስቀምጡት፤ ይዘውት ሌላ ድንበር ከመሻገርዎ በፊት ግን ይጠይቁ። ግዙፉ ዛጎል፣ ማለትም ሁለት ክንፉ እንደ ሳህን ተከፍቶ ዳሩ የሚሞገደው፣ ለአንድ ሰው እስከ 3 ዛጎል፣ ክብደቱም በድምሩ ከ3 ኪሎ ግራም ሳይበልጥ በግል መገልገያነት የሚታለፍ ነው። ጋቢናዎ ውስጥ አንድ ሁለት ዛጎል ያለ ችግር ሊያልፍ ይችላል፤ ከጭነቱ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ ዛጎል ግን ሚሌ ላይ የእርስዎን ብቻ ሳይሆን የባለ መኪናውንና የጭነቱን ባለቤት ሥራ ያስቆማል። ስለ እንስሳት ውጤቶች ጥርጣሬ ቢኖርዎ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ለአጭር ሥልጠና ኢስታንቡል፣ ከዚያም ካይሮ እሄዳለሁ። የድሮ ነገር መሰብሰብ እወዳለሁ። ጥንታዊ ትንሽ ምንጣፍ ወይም የቆየ የናስ ዕቃ ብገዛ የእኛ ጉምሩክ ይከለክለኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ዕቃ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ በምዕራፍ 97 «ጥንታዊ ዕቃ» ተብሎ የራሱ ተራ አለው። ይሁን እንጂ መምህር፣ የእርስዎ ችግር የሚመጣው ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ነው። ቱርክም ግብፅም በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ሕጎች ጥንታዊ ቅርስ ከአገራቸው እንዳይወጣ ከልክለዋል፤ ሕንድም በ1972 እ.ኤ.አ. ሕጓ ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን በግለሰብ አታስወጣም። ኢስታንቡል ውስጥ ያረጀ የሚመስል ምንጣፍ የሚገዛ ሰው፣ ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ የሙዚየም ማረጋገጫ እንዲያቀርብ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ያንን ወረቀት እዚያው ሳሉ ሻጩ እንዲያስጨርስልዎ ያድርጉ፤ አልጨርስም ካለ ምንጣፉን ይተዉለት። ደሴ ከገቡ በኋላ ከየትም አያገኙትም።

ይህን ሕግ የውጭ አገር ሰው መሰናክል አድርጎ ቢያየው እንታገሠው ይሆናል፤ የወሎ ሰው ግን እንዲያ ሊያየው አይገባም። መቅደላ ያለው በወሎ ምድር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዚያ አምባ የጫናቸው የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታትና የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ውስጥ ናቸው፤ ይመለሱ እያልን የምንጠይቀውም እኛ ነን። የእኛ ይመለስ እያልን የግብፅን ወይም የቱርክን ቅርስ በሻንጣ ሸሽገን ልናወጣ አይቻለንም። አዲስ የተሠራ፣ የዛሬ አንጥረኛ እጅ ያረፈበት ናስ ይግዙ፤ ሠሪውም በልቶ ያድራል፣ እርስዎም ያለ ሥጋት ይገባሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። በጉዞዎ ላይ የኢትዮጵያ የሆነ የቆየ ብራና ወይም መስቀል አግኝተው ወደ አገር ቢያስገቡ መልካም አድርገዋል፤ ነገር ግን ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁና ያስመዝግቡ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ አንዴ የገባውን እንደ ግል ዕቃ ይዘው ተመልሰው መውጣት አይችሉም።

ጥያቄ፦ ዱባይ የምትኖር የጎረቤታችን ልጅ ለእናቷ የእንጨት ቅርጽ አድርሺልኝ ብላ የታሸገ ካርቶን ሰጠችኝ። አደራ ነውና ከፍቼ ማየት ነውር መስሎኝ ጨነቀኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እኅታችን፣ እርሷ ባለችበት ይክፈቱት። በጉምሩክ ፊት በእርስዎ ሻንጣ ያለው ዕቃ የእርስዎ ነው፤ «የሰው አደራ ነው» የሚለው ቃል ከኃላፊነት አያድንም። ውስጡ የተቦረቦረ የእንጨት ቅርጽ አደንዛዥ ዕፅ የሚደበቅበት የታወቀ ዘዴ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ሳያውቁ ተሸክመው በሰው አገር እስር ቤት የቀሩ ልጆቻችን ጉዳይ ልባችንን ያደማዋል። ንጹሕ ሰው ክፈቺው ሲባል አይከፋውም። ከከፋት ደግሞ ካርቶኑን መልሰው ይስጧት።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ተደራጅተን ሞሰብ፣ አገልግልና የሱፍ ምንጣፍ እንሠራለን። በውጭ አገር ባዛር እንድንሳተፍ ተጋብዘናል። ያልተሸጠውን መልሰን ስናመጣ ቀረጥ እንከፍላለን ወይ? (የእጅ ባለሙያዎች፣ ከደሴ)

መልስ፦ ከኢትዮጵያ ወጥቶ ሳይለወጥ የተመለሰ የኢትዮጵያ ዕቃ ቀረጥ ሊከፈልበት አይገባም፤ ነገር ግን የወጣው ያው ዕቃ መሆኑን ማስረዳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ማስረጃውም የሚዘጋጀው ስትወጡ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በቁጥር፣ በስፋት፣ በቀለምና በፎቶግራፍ መዝግቡ፤ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሞሰቡ እግር ውስጠኛ ክፍል፣ የራሳችሁን ምልክትና ተራ ቁጥር ስፉበት። ዝርዝሩን ስትወጡ ለጉምሩክ አቅርባችሁ ዲክላራሲዮን አስይዙ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዛችሁ ተመለሱ። እዚያ የተሸጠው በዝርዝሩ ላይ እየተለየ ይጻፍ።

ሣርና ስንደዶ ዕፅ በመሆናቸው፣ የምትሄዱበት አገር ዕቃው ከተባይና ከዘር ንጹሕ ስለመሆኑ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊጠይቃችሁ ይችላል። ይህን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። አለቃቀሙ ላይ እህል የተረፈበት ገለባ፣ ወይም በደንብ ሳይለፋ አገልግሉ ላይ የተለበጠ ቆዳ ካለ ከወዲሁ ለዩት፤ አንድ የነቀዘ ሞሰብ ጭነቱን በሙሉ ሊያስመልስ ይችላል። የቆየ፣ ከአያት የወረደ ሥራ ለማሳያ ብቻ ልትወስዱ ካሰባችሁ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከባዛሩ ጓዶቻችሁ በልዋጭ ወይም በግዢ የምታገኙት የእነርሱ ሥራ ደግሞ የተመለሰ ዕቃ ሳይሆን እንደማንኛውም የውጭ ዕቃ ስለሚታይ፣ ለሸዋበሯ እናት በሰጠነው መልስ መሠረት ይስተናገዳል፤ ስለዚህ ከራሳችሁ ዕቃ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ አትቀላቅሉት።